የሌለው ማግኔት

ዶክተር ሲድራማፓ በሕንድ አገር በካላቡራጊ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማረው በኮንትራት ነው። የቀለጠ ላስቲክ ሲለጠጥ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማግኔት ቢጠመድበት ደግሞ ምን እንደሚሆን በወረቀት ላይ ያሰላል። ጽሑፎቹ ሁሉ «ይህ ጥናት ለላስቲክ ፋብሪካዎች እጅግ ጠቃሚ ነው» ብለው ይጀምራሉ። መምህሩም፣ የመምህሩ መምህርም እንደዚያው ነበር የሚጀምሩት። ከመካከላቸው ፋብሪካ የረገጠ አልነበረም።

ዘንድሮ ኮሌጁ ኮንትራቱን አላድስም አለ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ማን ይቀጥረዋል? መላ የመታችው ሚስቱ ኒላማ ናት።

«ፋብሪካዎቹን ስጠቅማቸው ኖርኩ ስትል የከረምክ ሰውዬ፣ እስቲ ሂድና እነሱም ይጥቀሙህ!» ብላ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ጽሑፉንም አስይዛ ላከችው።

በከተማው ያለው የላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት ቪሩፓክሻፓ፣ ዶክተር ደጁ ድረስ ስለመጣ ኮራ። ሻይ ጋበዘውና ወደ ማሽኑ ይዞት ገባ። ሲድራማፓ ዕድሜውን ሙሉ በቀመር ብቻ የሚያውቀውን ነገር በዓይኑ አየ። ላስቲኩ ከማሽኑ ጠባብ አፍ ትኩሱን ይወጣል፣ የሚሽከረከረው ሮለር ይጎትተዋል፣ እየተለጠጠ ይሳሳል። ደስ ብሎት ጎንበስ አለና ተጠጋው። ወዲያው ላስቲኩ ከመሐል ተበጠሰ።

«አዩልኝ ሰር? በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚያቃጥለኝ» አለ ባለቤቱ። «ይዘውልኝ የመጡት ጽሑፍ ማግኔት ይገራዋል ይላል አይደል? ልግዛው እንግዲህ! እርስዎ ይተክሉልኛል፣ ሥራውን ከነገ ይጀምሩ።»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። በጽሑፍ ስንት ጊዜ ብሎታል! አሁን ግን የተበጠሰው ላስቲክ እግሩ ሥር ተኮማትሮ ይጨሳል፤ አፉ እምቢ አለው።

«ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» አለ በመጨረሻ። «ማግኔቱ ምንም አያደርገውም። ገንዘብዎን አያባክኑ።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጽፈው።»

ቪሩፓክሻፓ ሳቁ አመለጠው። በትሕትና እስከ በሩ ሸኘው እንጂ የሥራውን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

ማታ ቤት ሲገባ ኒላማ የማሽላ ቂጣውን አቅርባ ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ሃያ ዓመት ለወረቀት ስትዋሽ ኖረህ፣ እንጀራ የሚሰጠን ውሸት ሲመጣ ነው ያፈርከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞረችና ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ቂጣውን ቆርሶ፣ በእጁ እንደያዘው ተቀመጠ።