ከዚሩ የቀዳሁት ውሃ

መኪናዬ ኮኪት ውስጥ የምትታወቀው በቅጽል ስሟ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሏታል። አባቴ ሲሞት ለእኔ ያለፈች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ላንድሮቨር ናት። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖዋ ከተቃጠለ ቆይቷል። መለዋወጫ ድሮ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን፣ ይገኝ ነበር፤ የማዶ ሰው ነፍሱን ይዞ መሸሽ ከጀመረ ወዲህ ግን ማን ሞተሪኖ ያመጣልኛል። ስለዚህ ወይ በቁልቁለት ትነሣለች ወይ በሰው ጉልበት። ሰው ከኋላ ይገፋል፣ እኔ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደርጋለሁ፣ ሁለት ሦስቴ ታስልና ትነሣለች። ነዳጁን የሚረግጥላት እግር ካጣች መልሳ ትጠፋለችና ከተነሣች ማቆም የለም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «እግዜር ይስጥልኝ» እያልሁ እሄዳለሁ፤ የገፉኝ ሰዎች ጭሱን ጠጥተው ይቀራሉ። ስሙ የወጣው ከዚህ ነው።

አገራችን ሜዳ ነው፤ እግዜር ሰሊጡን ለእኛ ሲሰጥ ቁልቁለቱን ለደጋ አስቀርቶታል። ያሉትን ጥቂት ተዳፋቶች ግን እንደ ዳዊት በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የድልድዩ መግቢያ፣ የወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አክስቴ ቤቷ ተዳፋት ላይ ስለሆነ አዘውትሬ እሄዳለሁ፤ ከዘመድ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ይመስላት ነበር። ምክንያቱን ለሰው ሳወራ ሰምታ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

አሁን እየቀለድሁ አወራለሁ እንጂ ያኔ በመኪናዋ አፍር ነበር። እኩዮቼ ነጭ ፒክአፕ ገዝተው፣ መስታወት ዘግተው ሲያልፉኝ፣ እኔ የራዲያተሬን ቱቦ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አስሬ፣ ከወንበሬ ሥር አንድ ጀሪካን ውሃ ይዤ እሄድ ነበር። ውሃው ግድ ነው። በጥቅምት ሙቀት የዚህች መኪና ጥም አይቆረጥም። አባቴ «ለራስህ ብትረሳ ለእሷ እንዳትረሳ» ይለኝ ነበር።

ከኮኪት ወደ መተማ ሲኬድ፣ ሰፈሩ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። ከሥሩ ባለ ሦስት እግር እንጨት ላይ ዚር ቆሟል። ዚር ሱዳኖቹ ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ወፍራም የሸክላ ጋን ነው፤ ጋኑንም ስሙንም ከእነሱ ወስደናል። አፉ በእንጨት ክዳን ተከድኗል፣ የቆርቆሮ ኩባያ በሲባጎ ታስሮበታል። ያቆሙት ከመንገዱ ገባ ብላ ባለች ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ድግስ ደግሰው ተዝካር የሚያወጡበት አቅም አልነበራቸውም። ሰው ምን ይለኛል አላሉም። «እኔ ተዝካሩን በውሃ አወጣለታለሁ» አሉና ዚሩን አቆሙ። በየማለዳው ከእጅ ፓምፑ በጀርባቸው እያመላለሱ ይሞሉታል። የጠጣ ሰው ኩባያውን መልሶ ሲያስቀምጥ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ከእሱ የሚፈለገው ይኸው ነው። በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በዚያ መንገድ ሲያልፉ ከዚሩ ሌላ የሚጠጡት የላቸውም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጭኜ ወደ መተማ እሄድ ነበር። ዛሬ ሚስቴ የሆነችውን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቁልኝ ነው። በደንቡ ልጁ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም፤ እኔ ግን ሹፌርም እኔው ስለሆንሁ፣ ከደጃፋቸው ራቅ ብዬ ተዳፋት ላይ ልጠብቅ ተስማምተናል። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ እስኪወጡ መኪናዋን አጠብኋት። ዘይቷን፣ የዓመት አቧራዋን አስለቀቅሁ። የቤቱ ውሃ ሲያልቅብኝ ከወንበሬ ሥር ያለውን ጀሪካን አወጣሁና እሱንም ኮፈኗ ላይ አፈሰስሁት። ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የልጅቷ ዘመዶች ብቅ ብለው ቢያዩ እንዳይስቁብኝ ነው። መልሼ እሞላዋለሁ ስል ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ገፋን፣ ረሳሁት።

የሮቃው ዛፍ ጋ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ቱቦው ከታሰረበት ላልቶ ኖሮ ውሃው መንገድ ለመንገድ ሲንጠባጠብ መጥቷል። እጄን ከወንበሬ ሥር ብሰድድ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ በዚያ ሜዳ ማን ይገፋል? ትልቁን ሽማግሌ «አባባ፣ እግርዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ፣ እንዳትጠፋ» አልኋቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ወንበር ተንፏቀቁና ነዳጁን ረገጡልኝ። እኔ ቱቦውን አጥብቄ አሰርሁ፤ ከዚያ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ዚሩ ሄድሁ።

የአሮጊቷ ጎጆ ዝግ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር ሄደዋል። ዚሩ ማለዳ ተሞልቶ ግማሹ ተጠጥቷል። ክዳኑን አንሥቼ በኩባያው እየቀዳሁ ወደ ጀሪካኑ መገልበጥ ጀመርሁ። ኩባያውን የያዝሁት ግራሶ በነካ እጄ ነው፤ ልብ አላልሁም። ትልቁ ሽማግሌ በመስኮት አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የተዝካር ውሃ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ስንመለስ እሞላዋለሁ» አልሁ።

አንገታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ኩባያው የዚሩን ሆድ ሲፍቅ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለጥቂት ሰው የሚሆን ላስቀር እችል ነበር። ራዲያተሯ እስከ አፏ ባትሞላም መተማ ታደርሰን ነበር፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ደጃፋቸው አጠገብ ስትጨስ እንዳትታይ ፈራሁና ጠብታ አላስቀረሁም። ራዲያተሯን ሞላሁ፣ የተረፈውን ጀሪካኑ ውስጥ እንዳለ ለመጠባበቂያ ከእግሬ አጠገብ አስቀመጥሁ። «ነፍስ ይማር»ም አላልሁ።

ትንሽ እንደ ሄድን ሦስት የቀን ሠራተኞች ከፊታችን መጡ። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። መካከለኛው አንገቱን ደፍቷል፤ ሁለቱ በብብቱ ገብተው ደግፈውታል። ከዳር ያለው እጁን አነሣ። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ አሳየኝ። ፍጥነት ቀነስሁ። ከቆመች ትጠፋለች አልሁ በልቤ። ውሸቴን ነው፤ ሽማግሌው ቅድም እንደረገጡልኝ አሁንም ይረግጡልኝ ነበር። የተረፈው ውሃ ከእግሬ ሥር ሲንቦጫቦጭ ይሰማኛል።

እጄን በመስኮት አወጣሁና ወደ ኋላ፣ ወደ ሮቃው ዛፍ ጠቆምሁት። ውሃ እዚያ አለ ማለቴ ነው። የእኛ አገር ሰው መንገደኛ ውሃ ሲጠይቀው የሚጠቁመው ወደዚያ ነው። እጄ ለምዶ ነው እንዳልል፣ ባዶ መሆኑን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሰውየው ጎንበስ አለና በጎጃም ቅላጼ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ነዳጁን ረገጥሁት።

መተማ ነገሩ ሁሉ ቀና። መኪናዋ ሳትጨስ ደረሰች፤ ደግሞም ማንም ወጥቶ አላያትም። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ ወጡ፤ እሺ ተብለናል። ስንመለስ በዛፉ ሥር ያለፍነው ስለ ሠርጉ እያወራን ነው። ትልቁ ሽማግሌ ብቻ ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ እኔ ዘወር አሉ። ነገ እሞላዋለሁ አልሁ በልቤ። በማግስቱም አልሄድሁም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ሄድሁ። አሮጊቷ ዚሩን ከእንጨቱ አስወርደው፣ መሬት ላይ አጋድመውት፣ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«መጣህ ልጄ» አሉኝ፤ «ዚሬ ጉድ ሠርቶኛል።»

ሦስት የቀን ሠራተኛ ልጆች ጥም አቃጥሏቸው መጥተው ዚሩን ደረቅ አገኙት። አንደኛው ወባ ይዞት ኖሮ እዚያው ከዛፉ ሥር ወደቀ። አሮጊቷ ከማኅበር ሲመለሱ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ሲጠሩት አይሰማም ነበር። ከጎጆአቸው በተረፈች ውሃ ከንፈሩን አራሱለት፤ ከዚያ የሚያልፍ ትራክተር አስቁመው ጤና ጣቢያ አደረሱት።

«ነፍሱስ ተርፋለች» አሉ። «ግን እስኪጠና ተኛ ብለውታል። እስኪነሣ ሰሊጡ ይጠብቀዋል እንዴ?»

ሰሊጥ ማንንም አይጠብቅም። ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይራገፋል፣ አጫጁም ወደ አገሩ ይገባል። ያ ሰው የዓመት ኑሮውን ሊያገኝ የወረደው ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነበር። ሲሻለው አጨዳው አልቆ ነበርና ባዶ እጁን አገሩ እንደገባ በኋላ ሰማሁ።

«እንዲያው እኔኮ ማለዳ ሞልቼው ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ተሰንጥቆ ይሆን? አንተ የሚያፈስ ነገር ታውቃለህ፤ እስቲ ስንጥቁን ፈልግልኝ።»

ተንበርክኬ ፈለግሁ። እንዲያ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ጣቶቼን በዚሩ ሆድ ላይ፣ በወገቡ ዙሪያ፣ በቂጡ ሥር እያስኬድሁ፣ የሌለ ስንጥቅ እንደ ሐኪም ዳበስሁ። እሳቸው ከላዬ ቆመው ያዩኛል። እውነቱ ሁለቴ ከምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ሁለቴም ዋጥሁት። ሠርጌ ታየኝ፣ የአማቴ ፊት ታየኝ፣ ከተማው መኪናዬን የሚያወጣላት አዲስ ስም ታየኝ። በመጨረሻ አንዲት ጭረት አሳየኋቸውና «ይቺ ሳትሆን አትቀርም» አልሁ። ለራዲያተር ቀዳዳ የማስቀምጠውን ማጣበቂያ አምጥቼ ቀባሁላት። ሲደርቅ ዚሩን መልሰን አቁመን ሞላነው። ጠብ አላለም። «ተባረክ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ውሃ አመላልስላቸዋለሁ። ሰው አየ። «እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ» ተባለልኝ። አማቴ ሰምተው በሰው ፊት አመሰገኑኝ፤ ሚስቴም ትኮራብኛለች። ምስጋናው በበዛ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ። ይሉኝታ ሰው ሲያይህ ይይዝሃል፣ ሰው ሲሄድ ይለቅሃል። ይሄኛው ግን የሚብሰው ብቻዬን ውሃውን ስገለብጥ ነው።

ዘንድሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አላስችል አለኝ። ደጃፋቸው ላይ ሰሊጥ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ጀሪካኑን አስቀመጥሁና «እማማ፣ ዚሩ አልተሰነጠቀም ነበር» አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ማበጠሩን አልተዉም። «ኩባያዬ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። የአውራ ጣት ግራሶም አለበት። በዚህ መንገድ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ስንጥቁን ፈልግ ያሉኝ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። አንተ ግን አገኘህልኝ።»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝሁና ይቅር ይበሉኝ አልሁ። እጄን አስለቀቁኝ።

«እኔንማ ምን አደረግኸኝ፤ ውሃውን ስትመልስ ኖረሃል» አሉ። «ይቅር በለኝ ማለት ያለብህ ያን ልጅ ነው። እሱን ፈልገው።»

እየፈለግሁት ነው። በዚህ ጥቅምት በእግር የሚሄድ ሠራተኛ ባየሁ ቁጥር አቆማለሁ፤ ሞተሩም ከጠፋ ይጥፋ። ውሃ እሰጣቸውና እጠይቃለሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከሮቃው ዛፍ ሥር የወደቀ፣ የጎጃም ሰው ይሁን አይሁን እንኳ የማላውቀው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የነበረ። «መልኩ ምን ይመስላል?» ይሉኛል። ፊቱን አላየሁትም። የጓደኛውንም ፊት አላየሁም፤ ያየሁት የተዘቀዘቀውን ጠርሙስ ነው።

ከዚያ ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው ይገፉኛል። መኪናዋ ስትነሣ እንደ ልማዴ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ። ያ ባለ ጠርሙሱ ሰው ያለኝን «እግዜር ይስጥልኝ» ልላቸው አፌን እከፍታለሁ፤ አልወጣ ይለኛል። እጄን ብቻ አነሣላቸዋለሁ።