መጋረጃ ለብሶ የሚበረው ልጅ

ፊልሙ ይመጣ የነበረው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ተዋናዮቹ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ከሥር በዐረብኛ ይጻፋል። መርሳ ከተማ ውስጥ፣ በእኛ ግቢ፣ ያንን ጽሑፍ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊደሉን በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ ለምጄዋለሁ፤ ትርጉሙን ደግሞ ዐረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ ጆሮዬ ለቅሞታል። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ቀን ለቀልድ ፊልም ይጠቅሙኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንዲያውም ቁርኣን የቀራሁበትን ፊደል ለዚህ ማዋሌ ትንሽ ከንክኖኛል። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ግን ነገር አያካብዱም፤ ዐይን ሰጥቶሻል፣ አንብቢልን አሉኝ። አነበብኩ።

ነገሩ ስለ አንድ ጫማ ሻጭ ነው። ወጣቱ መብረር ይችላል፤ ግን ከፍታ ይፈራል። ስለዚህ ከቤት ጣሪያ በላይ አይወጣም። የመብራት ገመድ ይጠልፈዋል፤ ሌባ አሳድዳለሁ ብሎ ዛፍ ላይ ይቀርና ሌባው ራሱ መሰላል አምጥቶ ያወርደዋል፤ በበረረ ቁጥር አንድ እግር ጫማው ይወድቃል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ፊቱን በጭምብል ይሸፍናል። ከትከሻው የሚያንሳፍፈው ጨርቅ ከእናቱ ሳሎን የሰረቀው መጋረጃ ነው። እናቱ በራሪው የእሷ ልጅ መሆኑን አታውቅም። የምታውቀው መጋረጃዋ መጥፋቱንና ልጇ ለራት መዘግየቱን ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ በር ላይ ቆማ ትጠብቀውና «ራትህ ቀዝቅዟል» ትለዋለች፤ እሱም በአንድ ጫማ እያነከሰ ይገባል።

ተመልካቾቹ አራት ነበርን፤ እኔ፣ አማቴ፣ ጎረቤታችን፣ መርሳ ከዋለ ደግሞ ባሌ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሀብሩ ገበሬዎች ሽንኩርትና ብርቱካን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ያወርዳል። እሱም በሰዓቱ ለራት ደርሶ አያውቅም። አማቴ የፊልሟን እናት አነጋገር ወሰዱና በገባ ቁጥር «ራትህ ቀዝቅዟል» ይሉት ጀመር፤ እሱም አንድ እግሩን አንስቶ እያነከሰ ይገባላቸዋል።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ የጉባ ላፍቶ ደጋ ተወላጅ፤ ሲሪንቃ ያለው የእርሻ ምርምር ማሳ ላይ ከማሽላው ወፍ ሲያባርሩ የኖሩ ሴት። ስለሚበር ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያ ቀን ልጁን ሲያዩት «ይኸን እኔ በወንጭፍ አወርደው ነበር» አሉ።

«ተይው፣ ከራማ ነው» አሉ አማቴ።

ከራማ ስንል አላህ ለወደደው ሰው የሚሰጠው የተለየ ጸጋ ማለታችን ነው። ወንዝ ሞልቶ ሳለ እግራቸው ሳይረጥብ ስለተሻገሩ ሸኾች ስንሰማ ነው ያደግነው። አማቴ ጫማ ሻጩን ከእነዚያ ጋር አሰለፉት።

«ከራማ ያለው ሰው የመብራት ገመድ ላይ ይሰቀላል?» አሉ ጎረቤታችን።

«ገና ጀማሪ ነዋ። አንቺስ የጀመርሽ ቀን ስንት ማሽላ ለወፍ አስበላሽ?»

እኔን ያስቸገረኝ ጭምብሉ ነው። ይህን ሁሉ ጸጋ ይዞ ለምን ይደበቃል ብዬ ጠየቅኩ። አማቴ አላመነቱም፤ ሰደቃም ሰው ሳያይ ሲሰጥ ነው የሚያምረው፣ ልጁ መልካም ሥራውን ከሰው ዐይን እየሸሸገ ነው አሉኝ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እንዲህ አስበው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ያንን ጭምብል አይቼ እንደ በፊቱ መሳቅ አቃተኝ።

ስተረጉም አጎድል ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ሲሳሳሙ ተነስቼ መስኮት እዘጋለሁ። ሲሳደብ «ተናደደ» ብዬ አልፈዋለሁ። ቢራውን «ለስላሳ» አልኩት፤ ጎረቤታችን ለስላሳ ጠጥቶ ነው እንዲህ የሚንገዳገደው ብለው ጠየቁኝ። ማጉደል ውሸት ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ያልተባለውን ግን ጨምሬ አላውቅም፤ ድንበሬ ይህ ነበር። አማቴ አላጡትም። «እሱ ይኸን ያህል ለፈለፈ፤ አንቺ እፍኝ አቀበልሽን» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ክፍል የማዕበል ነው። ውሃ የከበበው ድልድይ ላይ ሰዎች ቀሩ፤ ልጁ ፍርሃቱን ውጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሪያ በላይ ወጣ፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ አሻገረ፤ ከዚያ ነፋሱ ወደ ደመናው ይዞት ገባና ጠፋ። አንድ ጫማ መንገድ ላይ ወደቀ። እናቱ ሰሃኑን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ማክሰኞ ባሌ ሽንኩርት ጭኖ ወጣ። ሐሙስ እደርሳለሁ፣ ሳልመጣ እንዳትጀምሩ ብሎን ሄደ። ረቡዕ ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ያን ቀን ስልኩ ተቋረጠ፣ በማግሥቱ መብራቱ ጠፋ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ሦስታችን የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ለምን እንደተቀመጥን አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎች መርሳ ገቡ፤ መንገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ተዘጋ።

ስለዚያ ጊዜ ሌሎች ብዙ ተናግረዋል። እኔ የማስታውሰው የአማቴን ሰሃን ነው። በየማታው የልጃቸውን ድርሻ፣ ንፍሮም ቢሆን፣ ሰሃን ላይ አድርገው ይከድኑታል፤ ጧት እሳቸው ይበሉታል። ስለ ልጃቸው አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ስለ በራሪው ነው።

«ያ ልጅ ወረደ?»

«አላውቅም፣ እማማ። አላየነውም እኮ።»

«አንቺ ታነቢያለሽ። ቀድመሽ ታውቂያለሽ።»

አማቴና ጎረቤታችን በራሪው የት ሊሆን እንደሚችል ማውራት ልማድ አደረጉት። አማቴ አንድ ደግ ሰው ቤት ተጠግቶ ይሆናል ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ወፎቻቸውን ያነሳሉ። ሲሪንቃ፣ ኃይለኛ ነፋስ ባደረ ማግሥት፣ ከማሽላው መሐል አይተዋቸው የማያውቁ ወፎች ተቀምጠው ያገኙ ነበር አሉ፤ የእኛ አገር ወፍ ያልሆኑ፣ ቢያባርሯቸውም የማይነሱ። ነፋሱ ሲበርድ ግን አንድም ሳይቀር ወደመጡበት ይመለሳሉ። አማቴ ይህን ደጋግመው ያስተርኳቸው ነበር። ወፎቹ ምን ዓይነት ቀለም ነበራቸው፣ ስንት ቀን ቆዩ፣ ምን በሉ እያሉ። ሦስታችንም ስለ ማን እንደምናወራ እናውቃለን፤ ስሙን የሚያነሳ ግን የለም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጓሮ ወስደው መከሩኝ። ምን አለበት፣ አውርጂላቸው፤ አንድ ጫማ ብቻ ነው የሚጎድለው አሉኝ። ቀላል ነበር። ራቱ ሲቀዘቅዝ፣ ልጁ እያነከሰ ሲገባ፣ ሁሉንም እንዳየሁት አድርጌ መናገር እችል ነበር። ግን ያ መጨመር ነው። በዚያ ላይ በአፌ አውርጄው የእሳቸው ልጅ ሳይመጣ ቢቀርስ? ስለዚህ በየማታው መሬት መሬት እያየሁ «አላውቅም» እላለሁ። አማቴ ይህን እንዴት እንደሚሰሙት አላሰብኩበትም።

በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ሌላው ወሬ አይነገርም። የሰሙት ሰዎች በሆዳቸው ይዘውት ይቆያሉ፤ ሲጠየቁ አላውቅም ይላሉ፣ የሰውየውን እናት ዐይን ማየት ይፈራሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፤ መርዶ የሚነገረው ያኔ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ሆኖም በየማታው ልክ መርዶ እንደያዘች ሴት እየሆንኩ መሆኔን ልብ አላልኩም።

የከተማው ወፍጮ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ቆሟል። ከተራራው ሥር ባለ አንድ መንደር በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አለ ሲባል፣ ናፍጣው ሳያልቅ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰብሰብ ብለን እንሂድ ተባባልን። ለአማቴ ማታ ልነግራቸው አስቤ ረሳሁት። ጎረቤታችን ሁለት ሴቶች አስከትለው ጎህ ሲቀድ መጡ። እህላቸውን ሰው እንዳያይባቸው አጥሩ ሥር ሸሽገው ባዶ እጃቸውን ገቡ። እንቅልፍ አልጠገቡም፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል፤ ድምፅ እንዳይሰማ አንዳቸውም አይናገሩም።

አማቴ ሱብሒ ሰግደው መስገጃው ላይ ነበሩ። ሦስቱን ሴቶች አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ከመስገጃው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ። «ተናገሩ። እኔ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።»

«ምኑን?» አሉ ጎረቤታችን።

«ይቺ ልጅ ዐይኔን ካየች ስንት ጊዜዋ። ያንን በራሪ ወረደ ማለት ያቃታት ለምን ይመስልሻል?»

መሐላ አልወድም። በሠራሁባቸው ቤቶች ለቲማቲምም ለሳሙናም «ወላሂ» ይባላል፤ የአላህን ስም እንዲህ አላረክሰውም ብዬ ስንት ዓመት ምላሴን ጠብቄያለሁ። ያን ጧት ግን ተንበርክኬ ሁለት እጃቸውን ያዝኩና ዐይናቸውን አየሁ።

«ወላሂ አላውቅም፣ እማማ። የልጅዎን ነገር ከማንም አልሰማሁም። የበራሪውንም አላውቅም። እስከ ዛሬ ያጎደልኩብዎት መሳሳሙን፣ ስድቡንና ቢራውን ብቻ ነው።»

«ቢራ ነበር?» አሉ ጎረቤታችን።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ፣ ግራ ገብቷት፣ እኛ እህል ልናስፈጭ ነው የመጣነው አለች።

አማቴ ፊቴን ለብዙ ጊዜ መረመሩት። ከዚያ የወገባቸውን ነጠላ ፈቱ። «አላውቅም ካልሽ ደህና ነው» አሉ። «እንዲህ እያየሽኝ በይው እንጂ።» ተነስተው የማሽላውን ቋጠሮ አመጡና ጀርባዬ ላይ አሳዘሉኝ። ጎረቤታችን እስከ ወፍጮው ድረስ፣ ያ ለስላሳ እንዳልሆነ እኔ መች ጠፍቶኝ እያሉ ነው የሄዱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውም አልቀረ፣ መልሱም አልተለወጠ። ብቻ ዐይናቸውን እያየሁ «አላውቅም» እላለሁ፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሰሃኑን ይከድናሉ።

መንገዱ ሲከፈት ባሌ መጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ታች ሸሽቶ፣ መኪናውን አጥቶ፣ የመልሱን መንገድ ግማሹን በእግሩ ነው የመጣው። የግቢውን በር የከፈቱት አማቴ ናቸው። አስቀድመው ያዩት ፊቱን አይደለም፤ እግሩን ነው። ሁለቱም ጫማዎቹ ነበሩ። «ራትህ» አሉና የቀረውን መጨረስ አቃታቸው። እሱም አንድ እግሩን አንስቶ እያነከሰ ገባላቸው።

መኪናው ስለሌለ እኔ እንደገና ወደ ሰው አገር ወጣሁ። ባለሁበት ቤት ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሉም ይተኛል። በዚያች ሰዓት፣ ሰግጄ ስጨርስ፣ ያንን ፊልም ስልኬ ላይ ፈለግኩት። የልጁ ነገር ከሆዴ አልወጣም ነበር። አገኘሁት። የቀረ ክፍል ግን የለም። ተመልካች አልበዛለትም ተብሎ እዚያው ላይ ነው የተቋረጠው፤ ሠሪዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። መብራት ባይጠፋብን እንኳ ያን ሐሙስ የምናየው ነገር አልነበረም።

የመጨረሻውን ክፍል ደግሜ አየሁት። አሁን የምተረጉምለት ሰው የለም፤ ስለዚህ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ትቼ ምስሉን ብቻ ተመለከትኩ። ልጁ ወደ ደመናው ሲወጣ፣ መጋረጃው ቀደም ሲል የተቀደደበት ቦታ ላይ ተሰፍቷል፤ በቀይ ክር። እናቱ በሩ ላይ ስትቆም በክንዷ ሥር መርፌና ክር የያዘ ቆርቆሮ አለ። ቀይ ክር ከክዳኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በራሪው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ሳምንት አውቃ ነው ዝም ያለችው።

መርሳ ደወልኩና ለአማቴ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም።

«ቀዩ ክር ነው? እሱንማ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የምታነቢው አንቺ። ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

እኔ ፊደል ፊደሉን ስለቅም እሳቸው የሴትዮዋን እጅ ሲያዩ ኖረዋል። አውቃ ዝም የምትል ሴት በየሳምንቱ እያዩ ቆይተው፣ የእኔን ዝምታ በሌላ እንዴት ይፍቱት?

መጨረሻው እንዳልተሠራም ነገርኳቸው። ከኋላ የጎረቤታችን ድምፅ ይሰማኛል፤ ነፋሱ አልበረደለትም በያት ይላሉ።

«ሠሪዎቹም አያውቁም ነው የምትይኝ?» አሉ አማቴ።

«አያውቁም።»

«እና ሴትዮዋ በሩ ላይ እንደቆመች ናት?»

«እንደቆመች ናት፣ እማማ።»

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ዱዓ ጀመሩ። አላህ ልጇን ያውርድላት፣ ሁለት ጫማውን አድርጎ ያግባላት አሉ። እኔም «አሚን» አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ለሌለች ሴት አሚን ማለት ይፈቀድ እንደሆነ ሳስብ ቆየሁ። እስካሁን የሚያውቅ ሰው አልጠየቅኩም፤ አይፈቀድም እንዳይለኝ።