ስድስት ቀኝ እግሮች

ረቡዕ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ለብቻዬ ስሮጥ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። አልወደቅኩም። ሦስት ጊዜ በግራ እግሬ ብቻ ዘልዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከጉደር ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ አንስቶ ከተማ አደረሰኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ወጌሻ ጋ ሄጄ አሳሸሁት፤ ስህተቱ የራሴ ነው፤ እግሬ አበጠ። አዲስ አበባ የተነሳሁት የኤምአርአይ ፎቶ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ አጥንት መሰንጠቁን አሳየ። ዘጠኝ ወር ሳልሮጥ ቆየሁ።

በነዚያ ወራት ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ጉልበቴን ውስጡን ይበርደኝ ነበር። ሕመሙ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ። ከመገጣጠሚያው ውስጥ፣ ባቄላ በምታክል ቦታ ላይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የተጠራቀመ ይመስለኛል። ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ማረጋገጥ የማልችለውን ነገር ማውራት በሥራዬም ልማዴ አይደለም።

የምሮጠው ከቡድን ጋር ነው። እኔን ጨምሮ ሰባት ነን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተገናኝተን በወንጪ መንገድ ወደ ባሕር ዛፉ እንወጣለን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። አሯሯጣችን በዚህ አገር እንደተለመደው ነው፦ አንድ ሰው ፊት ይሆናል፣ ሌላው ከኋላው በአንድ መስመር ይከተላል። መንገዱን የሚያየው የፊተኛው ብቻ ነው። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያጋጥመው ጣቱን ያጮሃል። የተቀረው ሰው ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ተረከዝ ላይ አያነሳም፤ ያ እግሩን ካነሳበት ቦታ ላይ የራሱን ያሳርፋል። ለብቻው የሚሮጥ ሰው እንደ ንፉግ ይታያል።

ቲቸር አንድ ደንብ ነበራቸው። ታሞ የተመለሰ ሰው ፊት ይሮጣል። ፍጥነቱ በእሱ አቅም እንዲሆን፣ ጥሎት የሚሄድም እንዳይኖር ነው። ደግ ደንብ ነው። ተከታዮቹ የሚረግጡት በማን እርምጃ እንደሆነ ግን ማናችንም አስበን አናውቅም ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን ተመለስኩ። ጭጋግ ነበር።

«አካም ቡልተኒ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ነገ፣ ነገ ስትል ዘጠኝ ወር» አሉ ቲቸር። «ዱራ ግባ፣ ከፊት።»

«ከኋላ ልሁን ቲቸር፣ አዘገያችኋለሁ።»

«ለዚሁ ነው ፊት የምትሆነው። ሱታ፣ ቀስ እያልክ።»

«ተመስገን» አለ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ በመሆኑ «መዝገብ ቤቱ» የምንለው ጓደኛችን። «ቀርፋፋው እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ።»

ከኔ ቀጥላ የገባችው የቡድናችን ትንሿ ናት፤ የጎጆ ከተማ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አምቦ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትለማመደው። የዚያን ዓመት የጎጆ መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ስለሚዘጋ ቤተሰቦቿን ካየች ቆይታለች። አንድ የሩጫ ክለብ በታኅሣሥ ለወጣቶች ምልመላ አምቦ እንደሚመጣ ተነግሮናል። የሚወስደው ሃያ ዓመት ያልሞላቸውን ነው፤ እሷ ጥር ላይ ሃያ ይሞላታል። ይህ ካመለጣት ሌላ ዕድል የላትም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሷም ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ሰባት ሰው በመስመር ሲሮጥ የሚሰማው የአንድ ሰው ኮቴ ነው። የዚያን ቀን ከኋላዬ የሰማሁት ኮቴ ግን ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ነበር። እኔ ሳነክስ ስድስቱም በእርምጃዬ እየረገጡ ነበር። እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም። በማስታወሻዬ ላይ «4 ኪሎ ሜትር፣ መጠነኛ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ቅዝቃዜውም ጠፋ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደችኝና «አረማመድህ እኩል ነው፤ አታነክስም» አለችኝ። ከኋላዬ ያለው ኮቴ ግን ረጅም፣ አጭር እንዳለ ነው።

አንድ እሑድ ለብቻዬ በጉደር መንገድ ወጣሁ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሕመሙም ቅዝቃዜውም ተመለሱ። ማክሰኞ ከፊት ሆኜ ስሮጥ ሁለቱም የሉም። በሚቀጥሉት ሁለት እሑዶች ደገምኩት፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ሦስት ጊዜ የተደገመ ነገር አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ፣ ጭጋጉ ከባድ ነበር፤ ከባሕር ዛፉ ውሃ ይንጠባጠባል። መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ ጣቴን ሳላጮህ ወደ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ስድስቱ ባጠገቤ አለፉ። ማንም ቀና አላለም። ልጅቷ አሁን ፊት ሆናለች፤ ግን መንገዱን አታይም ነበር። አቀርቅራ፣ አንድ ክንድ ያህል ከፊቷ ያለውን መሬት፣ የኔ ተረከዝ ሊሆን የሚገባውን ቦታ ታያለች። ከሷ ቀጥሎ መዝገብ ቤቱ፣ ከዚያ መምህራን የሆኑት ሁለቱ ጓደኞቻችን፣ ከዚያ የጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው፣ መጨረሻ ላይ ቲቸር። የስድስቱም ቀኝ እግር ሲያርፍ አጭር ነው። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ይመስላል። ጭጋጉ ውስጥ ገቡ፤ ኮቴያቸው ግን ይሰማኝ ነበር።

በአቋራጭ ወጥቼ ከፊታቸው ገባሁ።

ስንጨርስ «ዛሬ መሀል ላይ ከመስመር ስወጣ ያየ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ወዴት ወጣህ?» አለ መዝገብ ቤቱ። «ዜና ጠፋ ማለት ነው፣ በኛ ጀመርክ?»

ልጅቷ ጫማዋን እየፈታች ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ ከተረከዝዎ ላይ ዓይኔን አንስቼ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አይቼዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ፤ ፊት ስሆን አያመኝም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሩጫ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን ታመው ሳለ ይበርድዎት ነበር?»

«የት ላይ?»

«ውስጡን። ሕመም አይደለም። ትንሽ ቦታ ናት፤ ውሃ የገባባት ነው የምትመስለው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። የራሴን እኮ ነው የምነግርዎት። ቀኙን። ከመስከረም ጀምሮ።»

መዝገብ ቤቱ ሻዩን ማማሰል አቆመ።

በማግስቱ ቲቸርን ቤታቸው ሄጄ ያየሁትን ከነቀኑ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። አልወደዱትም።

«የኔ ልጆች አያነክሱም» አሉ።

«ይዩአቸው።»

ቅዳሜ ሜዳ ላይ አንድ በአንድ አስሮጧቸው። ለየብቻ ሲሮጡ ሁሉም ደኅና ናቸው። ቀጥሎ እኔን ፊት አድርገው በመስመር አስሮጡን፤ እሳቸው ዳር ቆሙ። ስንጨርስ የሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የራሳቸውን ቀኝ ጉልበት በመዳፋቸው ሸፍነውታል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አሉ፤ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ የታመመውን ሁሉ ፊት ሳስገባ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ፊት አልገባሁም፤ ከቡድኑም ወጣሁ። መስመሩም ተበተነ። ቲቸር እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ሃያ እርምጃ ርቆ እንዲሮጥ፣ የሰው ተረከዝ እንዳያይ አዘዙ። ለነሱ ቀላል ነገር አልነበረም። መንገድ ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች ምን ተፈጠረ እያሉ ይጠይቋቸዋል።

«ርስት እንደተካፈለ ወንድማማች ሆነናል» አለኝ መዝገብ ቤቱ። «ጥዋት ጥዋት ሰላምታ ተሰጣጥተን እንበተናለን።»

እኔ ለብቻዬ በጉደር መንገድ ቀጠልኩ። በኅዳር መጀመሪያ መሮጡን ትቼ መራመድ ያዝኩ። ጉልበቴ ወደነበረበት ተመልሶ ነበር።

ከምልመላው ሁለት ቀን በፊት ልጅቷ ቢሮዬ በር ድረስ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ቀንሷል። አልጠፋም። መሀል ላይ ይመጣብኛል።»

«ለአሠልጣኙ ልትነግሪው ትችያለሽ።»

«ከነገርኩትማ አለቀ። ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ ፊት ሲሆኑ ያምዎት ነበር?»

የምመልሰውን ለመምረጥ ጊዜ ነበረኝ። ስጠየቅ የማውቀውን ነው የምናገረው።

«አያመኝም ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ የሴቶች 5,000 ሜትር ተጀመረ። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ከጊንጪ፣ ከደንዲ፣ ከካቺሲ ድረስ የመጡ። እኔና ቲቸር መታጠፊያው ላይ ቆምን። አምስት ዙር አራተኛ ሆና ሮጠች። በአራተኛው ዙር ቀኝ እግሯ ማጠር ጀመረ፤ በአምስተኛው ከሩቅም ያስታውቅ ነበር። የክለቡ አሠልጣኝ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

«ትወድቃለች» አልኩ።

ቲቸር ዓይናቸውን ከእግሯ ላይ አላነሱም።

ስድስተኛው ዙር ሲጀመር ወደ ውጭ ወጥታ ሦስቱን አለፈችና ፊት ያዘች። ሌሎቹ እንዳደጉበት ከኋላዋ በአንድ መስመር ገቡ፤ አቀረቀሩ። በስምንተኛው ዙር በፊታችን ስታልፍ እርምጃዋ እኩል ነበር። አሠልጣኙ ከደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

አንደኛ ወጣች። ቁመቷ ተለካ፣ ስሟ ተጻፈ፤ ሰኞ ከነሻንጣዋ እንድትመጣ ተነገራት። ወደ እኛ ስትመጣ እያለቀሰች ነበር። ቲቸር ግንባሯን ሳሟት፤ አላጨበጨቡም። ጉልበቷን ጠየቅኳት። «ምንም የለም፣ ጋሼ» አለች።

ከኋላዋ እስከ መጨረሻው ሳይለዩ የተከተሏት አራት ልጆች ነበሩ። በመጨረሻው ዙር መታጠፊያው ላይ አጠገባችን ሲያልፉ ቆጥሬያቸዋለሁ። የአራቱም ቀኝ እግር ሲያርፍ አጭር ነበር።