ቀፎ የተሰቀለበት ቀረሮ

አምባው ቀፎ ተሸክሞ ዛፍ ሲወጣ ያየ ሰው፣ መሬት ላይ የሚውል ፍጡር አይመስለውም ነበር። ቤቱ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ፣ ከጫካው ዳገት ሥር ነው። በካፋ ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ የራሱ ነው፤ ሌላ ሰው መጥረቢያ አያነሳበትም።

በኢሕአዴግ ዘመን፣ «ልማት» ከሰላምታ ይቀድም በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ኢንቨስተር ዳገቱን ለሻይ ተክል ወሰደው። የቀበሌው ሰው በስብሰባ አጨበጨበ፤ ለማጨብጨብ ማን ይሰንፋል! የአምባው ሚስት በዛወርቅ ግን ፈራች።

«ጫካው ከተመነጠረ አፈሩ በላያችን ነው የሚወርደው። ቦንጋ ወንድሜ ጋ እንሂድ» አለችው።

«ዳገቱ ላይ ካለው ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ላይ ቀፎ እሰቅላለሁ። ማንም አይነካውም። እሱ እስካለ ዳገቱ ንቅንቅ አይልም» አላት። ሰቀለም።

የሻይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ እንደሳቸው ያለውን ጨዋ አያሳየን። «ባህላችሁን እናከብራለን» ብለው ቀረሮውን ተዉለት። በዙሪያው የነበረውን ግን በሞተር መጋዝ አስጨረሱት። ዕድሜ ልኩን ከነፋስ ተከልሎ የኖረ ዛፍ ራቁቱን በቀረ ዳገት ላይ ብቻውን ቆመ። በዛወርቅ እንደገና እንሂድ ብትለው አምባው ሳቀባት። ዛፉ አለ አይደል?

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አምባው ማር ሊሸጥ ቦንጋ በሄደበት ዕለት ነፋሱ ቀረሮውን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው፤ ዳገቱም ተከትሎት ወረደ። አምባው ሲመለስ ቤቱ የነበረበትን ቦታ እንኳ መለየት አቃተው። በዛወርቅን ከጭቃው ቆፍረው ሲያወጧት፣ ልብሷን የጠቀለለችበት ነጠላ ክንዷ ላይ ነበር። ብቻዋንም ቢሆን ልትሄድ ተነሥታ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎች ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማየት ተቀመጡ። አቶ ደምመላሽም መጡ፤ ያዘኑ ይመስላሉ።

«ጋሽ አምባው፣ እግዜር ያጽናዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ የወደቀው ዛፍ የማን ነበር?»

ዛፍ ላደረሰው ጥፋት ተጠያቂው ባለዛፉ መሆኑን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የኔ አይደለም ቢል ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ግን ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ የሚክድ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም።

«የኔ ነው» አለ አምባው።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያራገፈ ተነሣ። አምባው ሊወጣ ሲል አንድ ጎረቤቱ ከጭቃው ውስጥ ደህና ሆኖ የተገኘውን ቀፎ በሁለት እጁ አቀበለው። የሰው ንብረት ነዋ፤ ለባለቤቱ ይመለሳል።