ለአንድ ስልክ ሦስት ተራራ

ተራራ ልይ ብዬ አይደለም የወጣሁት። ስልክ ለመደወል ነው። ከተመረቅኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ «እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ደውለሽ መምጣትሽን አረጋግጪ፤ ካልሆነ ተጠባባቂ እንጠራለን» ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ እኛ ከተማ መካነ ኢየሱስ ላይ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራትም አብሮ። ደብረ ታቦር እንዳልሄድ፣ መኪናው እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልም። ሐሙስ ጠዋት፣ ተራራው ጫፍ ኔትወርክ ይይዛል ወደሚባለው ድንጋይ በእግሬ ወጣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት

ኪሴ ውስጥ ቆሎ፣ ስልኬ ላይ ሠላሳ ፐርሰንት። የመጀመሪያውን ዳገት ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ኔትወርክ የለም። እዚያ አንድ ሰውዬ ገብስ እያበራየ ነበር።

«ድንጋዩን ነው? እቻትልሽ፣ ማዶ።»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ምን ሰዓት አላት! አንድ ዳገት ናት።»

አንድ ዳገት አይደለችም። ቁልቁል እስከ ወንዙ፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ከዚያ እንደገና። አገሬው መንገደኛ እንዳይከፋው ብሎ ይዋሻል።

ስድስት ሰዓት

ሁለተኛው ጫፍ ላይ ደረስኩ። እትዬ ጥሩ የሚባሉ ሴትዮ ከደጃቸው ጠሩኝ።

«ወደ ድንጋዩ ነሽ?»

ወደዚያ የሚወጣ ሰው የጎረቤቱን መልእክት ይዞ ይወጣል፤ ፈቃድሽን የሚጠይቅ የለም። ከመቀነታቸው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ፈቱ።

«ልጄ ባሕር ዳር ሆዱን ተቀዶ ተኝቷል። ከሆስፒታል ወጥቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ባትሪ የለኝም እትዬ። የራሴ ጉዳይ አለብኝ።»

«እሱማ፣ የራስሽን ደውለሽ ነው። አፈር ስሆን፣ ይቺን ጠላ ጠጪ።»

ጠጣሁ። ወረቀቱንም ያዝኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ላዩ ላይ ቆሞ ፊትን ወደ ደብረ ታቦር ማዞር ነው። አንድ መስመር መጣች። ደወልኩ። ተይዟል። አሁንም ተይዟል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አራት ፐርሰንት ሲቀረኝ ተሳደብኩና እትዬ የሰጡኝን ቁጥር መታሁ። ወዲያው ተነሳ።

«እናትህ ልከውኝ ነው። ወጣህ?»

«ትናንት ወጣሁ! ቅዳሜ እገባለሁ በይልኝ። ዶሮዋን እንዳት—»

ስልኬ ጠፋ።

ሲመሽ

ሌላ አቋራጭ ነበረ። እግሬ ግን በእትዬ ጥሩ ደጅ አወረደኝ።

«ወጥቷል። ቅዳሜ ይመጣል። ዶሮዋን እንዳት… እዚያ ላይ ተቋረጠ።»

«እንዳትሸጫት ነዋ! ሆዳም!» እያለቀሱ ሳቁ። «የራስሽስ?»

«አልሆነም።»

በገበቴ ውሃ አምጥተው እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። «ኧረ እትዬ፣ በሞቴ!» ብል አልሰሙኝም። የተላጠው ተረከዜ ሲያቃጥለኝ ነው እንባዬ የመጣው፤ ቢያንስ እንደዚያ አልኳቸው።

ቤት ስደርስ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የት ጠፍተሽ ነው? ኔትወርኩ እኮ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ!»

በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ደወልኩ፤ ተጠባባቂዋ ተጠርታለች። ጉዞው ምን አስተማረኝ? ትንሽ መጠበቅን፣ ከተማርኩት። ድጋሚ ብሄድም መጀመሪያ የምደውለው የራሴን ነው፤ አልዋሽም። ወረቀቱን ግን እይዛለሁ። አሁን እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው፤ ቅዳሜ ዶሮ እንድበላ ተጠርቻለሁ፣ ሁለት ተራራ ማዶ።