ለአንድ ሰው የሚሆን ተጎታች

ጡረታ በወጣች በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተነሥታ ወደ ብየዳ ቤት ሄደች። ስለ ጉዳዩ ለማንም አልተናገረችም። የምትነግረው ሰውም ብዙ አልነበረም።

ሃያ ስምንት ዓመት የውሃ መርማሪ ሆና ሠርታለች። ከከተማ ርቀው ያሉ ጉድጓዶችንና ምንጮችን እየዞረች፣ ውሃው ለመጠጥ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን መለየት ነበር ሥራዋ። በየመንደሩ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ "የውሃዋ ሴትዮ መጣች" ነው የሚሉት። የምታድረው ባገኘችበት ነው፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር ገጥማ፣ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ፣ ሌላ ቀን እህል መጋዘን ውስጥ ከአይጦች ጋር ተከባብራ። አብሯት የሚዞር አንድ ሹፌር ነበር። ሲነዳ ከመረጋጋቱ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "አይቸኩሌ" ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ተጓዙ። እሱ ጋቢና ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ያድርና ጠዋት ወገቡን ይዞ ሲወርድ፣ "አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት የሚሆን ሰው እዚህ ውስጥ የሚያስተኛ መንግሥት!" እያለ ያማርራል። ቃሉ ተለዋውጦ አያውቅም። ከእሷ ስድስት ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጣና ልጆቹ ወዳሉበት ሩቅ ከተማ ሄደ።

አላገባችም። ለምን ሲሏት "መንገድ ላይ ነበርኩ" ትላለች። ከታናሽ እህቷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል፤ እህቷ ግን የልጅ ልጅ ልታሳድግ እንደ ሄደች በዚያው ቀረች። ሦስት ክፍል ቤት ለብቻዋ ሆነ። ጠዋት ሬዲዮ ትከፍታለች፣ ዜናው ሲያልቅ ትዘጋለች፣ ከዚያ የሚቀጥለው ዜና እስኪደርስ እጇን የምታደርግበት ይጠፋታል። አንዳንድ ቀን ድምፅ የምታወጣው ለዳቦ ሻጯ "ሁለት ስጪኝ" ስትል ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን ሲያስወግድ ያቺን ሲዞሩባት የኖሩትን ፒክአፕ ገዝታ ነበር። ግቢዋ ውስጥ ቆማ ስታያት ነው ሐሳቡ የመጣላት፦ ከኋላ የምትጎተት፣ ድንጋይና አሸዋ የማትፈራ፣ መኝታና ምድጃ ያላት ትንሽ ተጎታች ብትኖረኝስ?

ብየዳ ቤቱ የጭነት ተጎታች የሚሠራ ነው። ባለቤቱ በልኬት ቀልድ አያውቅም፤ ሠራተኞቹ ፊት ለፊቱ ሳይቀር "ሚሊሜትር" ነው የሚሉት። እርሳስ ከጆሮው፣ ሜትር ከቀበቶው አይለይም።

"እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?" አላት።

"እናትህ ለመሆን እንኳ አልደርስም።"

ሳቀ። "እሺ እህቴ። ምን ልታዘዝ?"

ነገረችው። ወንበር ሳበላትና ጥያቄውን ያወርደው ጀመር። ምን ዓይነት መንገድ ነው የሚሄዱት? ስንት ቀን ከመብራትና ከውሃ ርቀው ይቆያሉ? ምድጃው ከውስጥ ይሁን ከውጭ? መስኮቱስ በየት በኩል? ከሥር ንዝረት የሚሸከም የብረት ባሌስትራ ይግባለት ወይስ ይሄ አሁን የመጣው፣ ላስቲክ ያለበት?

"ባሌስትራ" አለች ሳታስብ። "ያኛው ይመች ይሆናል። ሲሰበር ማን ይሠራልኛል? ለባሌስትራ የትም ብሄድ አንድ ብረት ቀጥቃጭ አላጣም።"

ሚሊሜትር ቀና ብሎ አያት። "ጎማውስ?"

"በመኪናዬ ጎማ ልክ ይሁን። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አንድ ስኮርታ ጎማ ለሁለቱም ይበቃኛል።"

"ሹፌር ነበሩ እንዴ?"

"ሹፌር አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ።"

ደስ አላት። ቤት ከዋለች ወዲህ የምታውቀውን ነገር የጠየቃት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ምድጃው ከኋላ፣ ክዳኑን ሲያነሡት ጥላ የሚሆን፤ መስኮቱ በግራ፤ ውሃው ወለሉ ሥር። ሁሉንም ቶሎ ቶሎ መለሰች። ከዚያ ሚሊሜትር ወረቀቱን ገለበጠና፣ "ስንት ሰው ነው የሚተኛበት?" አላት።

"ሁለት" አለች።

አፏ ነው ያለው። አራት ሠራተኞች ዙሪያዋን ነበሩ፤ "አንድ" ብትል መዶሻቸውን አስቀምጠው የሚያዩዋት መሰላት።

"የረጅሙ ቁመት?"

"አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት።"

ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችው የገባት መንገድ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

በሳምንቱ ስትመለስ ሚሊሜትር ተጎታቿን በጠመኔ ወለሉ ላይ አስምሮ ጠበቃት። በሩ፣ መሳቢያዎቹ፣ መደርደሪያው፣ ሁሉም በቦታው አለ። አልጋው ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል።

"ወረቀት ላይማ ማንም ይተኛል" አለ። "እኔ ሰው ተጋድሞበት ካላየሁ ብረት አልቆርጥም። ሰውዬውን ይዘዋቸው ይምጡ።"

"የቱን ሰውዬ?"

"ባለ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለቱን ነዋ!"

"እሺ" ብላ ወጣች።

ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ለአይቸኩሌ ደወለች። ከተደዋወሉ ዓመት አልፏቸዋል። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥታ ሦስት ጊዜ መልሳ አስቀምጣዋለች። የምትለውን ቃል በቃል አዘጋጅታ ነበር፦ ተጎታች እያሠራሁ ነው፤ የድሮውን መንገድ አንድ ዙር ብንዞረው ምን ይመስልሃል?

"ኧረ የውሃዋ ሴትዮ!" አለ ድምፅዋን ገና ሲሰማ። "እኔ እኮ ሞታለች ብዬ እርሜን አውጥቻለሁ!"

"አንተ ሳትቀድመኝ?"

ሁለቱም ሳቁ። ስለ ጉልበቱ ነገራት፣ ትከሻው ላይ ስለሚወጡት የልጅ ልጆቹ ነገራት፤ ልጁ የመኪና ቁልፍ እንደምትደብቅበት ነገራት። "በሃምሳ የምነዳ ሰው ምን አጠፋሁ ብዬ ነው?" ከጀርባው ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ ሳህን ይንኳኳል፣ አንዲት ሴት "አባባ፣ ምሳ ቀርቧል!" ትላለች።

"እና እንደው በደህናሽ ነው የደወልሽው?" አላት።

ያዘጋጀችው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። "ተጎታች ሲኖር" አለች፣ "የኋላ ጎማ ነፋስ ስንት ይሁን?"

አይቸኩሌ ነገሩን እንደ ትልቅ ጉዳይ ይዞ አስረዳት። ለአስፋልት ስንት፣ ለአሸዋ ስንት። "ሹፌሩ ማን ነው?" አላት በመጨረሻ።

"እኔ ነኝ።"

"በይ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተሽ እንዳትለቂያት።"

"አለቅም።"

"ጎሽ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዛው ተቀመጠች። አልተከፋሁም ነው የምትለው። ከምሳ ላይ አስነሥታው ልትወስደው ማሰቧ ግን አሳፈራት።

ሐሙስ ዕለት ብየዳ ቤት ገባች። "ሰውዬውስ?" አላት ሚሊሜትር።

"የለም። መጀመሪያም አልነበረም። ብቻዬን ነኝ።"

"ውይ" የሚላት መስሏት ጠበቀች። ሚሊሜትር ግን ተቆጣ። የምሩን ነው የተቆጣው። "ይሄን ቀድመው አይነግሩኝም ነበር?"

"ምን ለውጥ ያመጣል?"

"ምን ያመጣል? ይሄ ስዕል እኮ ይገድልዎት ነበር! ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ መኪናውን ወደ ኋላ ይነዳል፣ አንዱ ቆሞ ተጎታቹን የሚያያይዘውን ጋንቾ ይመራል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ጎማው ሥር ድንጋይ ይጥላል። ስድስት መቶ ኪሎ ዳገት ላይ ፈትተው ብቻዎን ሊይዙት ነው?" ይህን እያለ በጠመኔ የሣለውን አልጋ በጫማው ያብሰው ጀመር። ግማሹ ጠፋ። "በሉ ይተኙ።"

በቀን ብርሃን፣ በሠራተኞቹ መካከል፣ ሲሚንቶው ላይ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በጀርባዋ ተጋደመች። ሚሊሜትር ጠመኔውን ይዞ በዙሪያዋ ሄደ። ራስጌዋ ላይ አንድ መስመር፣ እግርጌዋ ላይ አንድ መስመር፣ በክርኗ በኩል አንድ። ቀዝቃዛው ወለል በቀሚሷ አልፎ ተሰማት። ጣሪያውን እያየች፣ ይሄ ልክ ለሬሳ ሳጥንም የሚወሰድ ልክ ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ ክብደቱ መጣ። ሚሊሜትር አንድ ተሠርቶ ያለቀ የተጎታች ሻንሲ ላይ የአሸዋ ጆንያ ደርድሮ፣ "ይግፉት" አላት። አልተነቃነቀም። አንድ ጆንያ አወረደ። "ፍሪጁ ሄደ" አለ። ገፋች፤ አልሄደም። ሌላ አወረደ። "ሁለተኛው ባትሪ ሄደ።" ትንሽ ተነቃነቀ። "ከውሃው ግማሹን እናውርድ?"

"ውሃ አይቀነስም" አለች እያለከለከች። "መሳቢያዎቹን አውርድ።"

ሁለት ጆንያ ወረደ። ትከሻዋን ሰጥታ፣ ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። ጎማው አንዴ ዞረ። ከሠራተኞቹ አንዱ "አበጀሽ እትዬ!" ብሎ ጮኸ፤ ሚሊሜትር የቀሩትን ጆንያዎች ቆጥሮ ጻፈ። የተጎታቿ ክብደት በእሷ ጉልበት ተወሰነ ማለት ነው። ከፊት በመዘውር የምትወርድ መግፊያ ጎማ፣ የእጅ ፍሬን፣ ከሹፌር ወንበር ሆነው ጋንቾውን የሚያዩበት መስታወት ተጨመረ። አልጋው የለቀቀው ቦታ ላይ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ጠየቀች። ተሰጣት።

ሚሊሜትር ራስጌዋ በኩል ደግሞ ሰው የሚያሳልፍ ሁለተኛ መስኮት ሣለ።

"ይሄኛው ለምንድን ነው?"

"በሩ ቢያዝብዎት ማን ይከፍትልዎታል?"

ከሁሉም ነገር እስከ ዛሬ የማትረሳው ይሄን ነው። በክፋት አልነበረም ያላት፤ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ እንደ ማንኛውም የልኬት ጥያቄ ነው ያላት።

ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ተጎታቿ ግቢ ከገባች በኋላ ለእህቷ ደወለች።

"አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ?" አለች እህቷ። "ሦስት ባዶ ክፍል አለሽ። አሁን ደግሞ አራተኛ ባዶ ክፍል በጎማ ላይ አሠራሽ?"

"ስትመጪ ታያታለሽ" አለች። እህቷም "እመጣለሁ" አለች፤ መቼ እንደሆነ ግን ሁለቱም አላነሡትም።

የመጀመሪያው ጉዞ እንዳሰበችው አልሆነም። ከሰዓት በኋላ አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ደረሰች፤ ተጎታቿን በመዘውሩ አስተካከለች፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች፣ የምድጃውን ክዳን አነሣች። ሩዝ ቀቀለች። በልታ ቀና ስትል ድስቱ ውስጥ ሌላ ሰው የሚያጠግብ ቀርቷል፤ እጇ የለመደው የሁለት ሰው ነው። ወፍ እንኳ አልነበረም። ነፋሱ ክዳኑን ሲያንኳኳው የመጣ ሰው ያለ መስሏት ሁለቴ ዞረች። አዲሷ መብራት፣ አዲሱ ጠረጴዛ፣ በልኳ የተሰፋው ፍራሽ፣ ሁሉም ደህና ነው፤ "ደህና ነው አይደል?" የምትለው ግን የለም። በማግሥቱ ጠዋት ዘነበና በሁለተኛው መስኮት ጠርዝ ውሃ ገባባት። ሦስት ቀን ልትቆይ ወጥታ በሁለተኛው ቀን ተመለሰች።

ሚሊሜትር መስኮቱን ነቅሎ መልሶ እየገጠመ "እንዴት ነበር?" አላት።

"ጸጥታ ነበር።"

"እሱን እኔ መጠገን አልችልም" አለ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ ማሸጊያውን በጣቱ ደጋግሞ ይጫነው ጀመር።

ተጎታቿ ግቢ ውስጥ ሁለት ወር ቆማ ቆየች። ከዚያ በክረምቱ መውጫ አንድ ቀን እንደገና ጋንቾውን አገናኘች፤ በአራተኛ ሙከራዋ ገባላት። በዚህኛው ጉዞ ምሥራቁን መንገድ ይዛ፣ ቀድሞ ሠርታበት ወደማታውቀው አንድ መንደር ደረሰች። ሴቶች ከእጅ ፓምፕ ውሃ ይቀዳሉ። በልማድ አንድ ብርጭቆ ለመነቻቸውና ጠረጴዛዋ ላይ ከእሷ የማይለየውን የውሃ መመርመሪያ መድኃኒት ጨመረችበት። ቀለሙ ሊቀላ ከሚገባው በላይ ቀላ። ደገመችው፤ ያው ነው። ከማዳበሪያ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለትልቅ ሰው ብዙም አያሰጋም፣ ለጨቅላ ግን አደገኛ ነው።

"ከየት መሥሪያ ቤት ነዎት?" አለቻት አንዷ ሕፃን ያዘለች።

"አሁን ከየትም አይደለሁም። ግን እመኚኝ፣ ለዚህ ልጅ ወተት በዚህ ውሃ እንዳትበጠብጪለት።"

ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰው "ማን ልበል?" አለ። ስሟን ነገረችው። "ይቅርታ፣ እንዴት ነው የሚጻፈው?" ሃያ ስምንት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው። ፊደል በፊደል ነገረችው፤ የምርመራውን ውጤትም ነገረችው፤ "እንልካለን" አላት።

እስኪመጡ አልሄደችም። ሕፃን ያላቸውን ቤቶች እየጠየቀች፣ ከራሷ ታንከር አንዳንድ ጄሪካን አደለቻቸው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከውሃዋ ግማሹ አለቀ። ያቺ ሕፃን ያዘለችው ሴት መጥታ የተጎታቿ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ስለ ልጇ ጥርስ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ጣሪያዋ ስታወራ አረፈደች። እንግዳዋ ስትሄድ ወሬው የውሃዋ ሴትዮ ጆሮ ላይ ቀርቶ እያቃጨለ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መኪና መጣ። ሁለት የማታውቃቸው መርማሪዎች ወርደው ለክተው፣ ፓምፑን በሰንሰለት አሰሩት፤ በአቅራቢያው ካለ ምንጭ የሚመጣ ሌላ መስመር ሊከፍቱም ቃል ገቡ። በጥሩ ሁኔታ ነበር የሠሩት፤ ቆማ አየቻቸው። አንደኛው ወረቀት እየሞላ፣ "እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?" አላት።

"መንገደኛ ነኝ" አለችው።

ቀና ብሎ ተጎታቿን ተመለከተ። "ስንት ሰው ታስተኛለች?"

"አንድ።"

"ጥሩ ናት" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እነሱ ከሄዱ በኋላ የምድጃውን ክዳን ዘጋች፣ ድንጋዮቹን ከጎማው ሥር አወጣች፣ ታንከሯን የምትሞላበት ንጹሕ ውሃ ከየት እንደሚገኝ ጠይቃ፣ በጠቆሟት በኩል ነዳች።