የሽንቴ አረፋ

እኛ ሰፈር ሰው ሲወፍር ይመሰገናል። ፊቴ ያበጠ ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ አስቁመው፣ "ተመችቶሻል፤ የሆቴሉ ምግብ ነው አይደል?" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። እግሬ ጫማ እምቢ ብሎ በነጠላ ጫማ እውላለሁ፤ ሽንቴም እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይይዛል። ጉበቴ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ ከተነገረኝ ቆይቷል፤ ስለማያመኝ ረስቼው ነበር።

አረፋውን የነገርኩት ለታላቅ እህቴ ብቻ ነው። በማግስቱ ከወለንጪቲ መጥታ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ እግሬን በጣቷ ተጫነችው፤ የጎደጎደው ቶሎ አልሞላም። የቫይረሱን ነገር ስነግራት፣ "የጉበት ቫይረስ ኩላሊትንም ሊነካ ይችላል። ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን እንይ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ኩላሊት ሲባል እኔ የማውቀው፣ ፎቶው መኪና ላይ ተለጥፎ በሞንታርቦ የሚለመንለትን ሰው ነው።

ሽንት ቤቱ ወንዶች ከተሰለፉበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነበር። እየተመላለስኩ እንዳላፍር ብዬ፣ እህቴም "ጠጪ፣ ቶሎ ይመጣልሻል" ስትለኝ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጨረስኩ። ብልቃጡን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ሰጠሁ። ውጤቱን ስጠብቅ መቀመጥ አቃተኝ።

"ወንበሩ ይቆነጥጥሻል እንዴ?" አለች እህቴ።

የላቦራቶሪው ሰው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳው። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ከቧንቧ የተቀዳ ይመስላል።" ወንዶቹ ሳቁ።

ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እህቴ "ይኸው፣ ነጻ ነሽ" ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እኔም አብሬያት ልወጣ ፈልጌ ነበር። ሐኪሟ ግን እግሬን እያየች፣ "ውሃው አቅጥኖት ይሆናል። ነገ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ የመጀመሪያውን አምጪ፤ ምንም ሳትጠጪ" አለች።

በማግስቱ ባጃጁ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ብልቃጡን በሁለት እጄ እየያዝኩ ከእህቴ ጋር ሄድኩ። መመርመሪያዋ ወረቀት ሽንቱን እንደነካች ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተለወጠች። የሚስቅ አልነበረም። ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

"ኩላሊትሽ ገና ይሠራል" አለች ሐኪሟ ከክፍሏ ወደ አግዳሚው ወጥታ፣ "ፕሮቲን ግን በብዛት እያፈሰሰ ነው። የቫይረሱን መድኃኒት እንጀምራለን። ካላቋረጥሽ ተስፋ አለው።"

"አታቋርጥም" አለች እህቴ።

"እኔ ልመልስ" አልኳት። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። "አላቋርጥም፣ ዶክተር።"